የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ ማሳ፣ ሦስት ስፋት

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጅማ ከተማና ከዙሪያው ወረዳዎች የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ ጭንቀታቸው ግን አንድ ነው። ካርታ ላይ የሚነበብ ስፋት መቼ ይታመናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአንድ አርሶ አደርን የቡና ማሳ ዙሪያውን በጂፒኤስ ዞሬ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ከፈትኩት። መጀመሪያ 0.00000123 አለኝ፤ ቀጥሎ 1.54 ሄክታር፤ በመጨረሻ 1.501 ሄክታር። ማሳው እንደሆነ አልተንቀሳቀሰም። የትኛውን ልመዝግብ?
ከማና ወረዳ፣ የግብርና ባለሙያ

መልስ፦ 1.501ን ይመዝግቡ። 1.5 ብለው ቢጽፉትም የሚከስዎ የለም። ሌሎቹ ሁለት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ግን ማወቅ አለብዎት፤ ነገ በሌላ ማሳ ላይ ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም።

የመጀመሪያው ካሬ ዲግሪ ነው። ጂፒኤሱ ነጥቦቹን የያዘው በኬክሮስና በኬንትሮስ ነው፤ ሶፍትዌሩም ዲግሪን በዲግሪ አባዝቶ ሰጠዎት። ጅማ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር፣ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ደግሞ 110.3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ ሄክታር በካሬ ዲግሪ ሲሰላ 0.00000082 ይመጣል። በዜሮ የተጨናነቀ እንዲህ ያለ ቁጥር ካዩ ሌየሩ (የካርታው ንብርብር) ገና ዲግሪ ላይ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል፤ እውነት ይመስላልና። ኪውጂአይኤስ ላይ መጀመሪያ የከፈቱት የኢንተርኔት ሳተላይት ምስል ከሆነ ፕሮጀክቱ የምስሉን ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚዘረጋ ስሌት)፣ ማለትም ዌብ መርኬተርን፣ ይወርሳል። ሶፍትዌሩ የሚያውቅበት ኮድ 3857 ነው። ማሳውን እዚያው ላይ ሥለው ካስቀመጡት ስፋቱም በዚያው ይሰላል። ይህ ፕሮጀክሽን ለስልክና ለኮምፒውተር ስክሪን ይመቻል፤ ለልኬት ግን አልተሠራም። ከምድር ወገብ በተራቀ ቁጥር ስፋትን ያሳብጣል። ሞያሌ ላይ 1 በመቶ ያህል፣ ጅማ ላይ 2.5፣ አዲግራት ላይ 7 በመቶ ይጨምራል። ጅማ ላይ በእያንዳንዱ ሄክታር 250 ካሬ ሜትር ገደማ ተጨመረ ማለት ነው፤ ከተማ ውስጥ ቢሆን ቤት ይሠራበታል።

ሦስተኛው በዩቲኤም (ምድርን በሰቆች ከፍሎ በሜትር የሚለካ ፕሮጀክሽን) ዞን 37 ሰሜን የተሰላ ነው፤ ኮዱ 32637። እዚህ ላይ ዞን ሲባል የጅማ ዞን እንዳይመስልዎት፤ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን የምድር ሰቅ ማለታችን ነው። የሰቁ መሐል መስመር 39 ዲግሪ ላይ ነው። በዚያ መስመር ላይ ርቀት ሆን ተብሎ በ0.9996 እንዲያንስ ይደረጋል፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ደግሞ እያደገ ይሄዳል። ጅማ ከተማ 36.83 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በማደጊያው በኩል ናት፤ ስኬሉ (የርቀት ማባዣው) 1.0003 ገደማ ነው። በስፋት ሲታሰብ በሄክታር 6 ካሬ ሜትር ይጨምራል።

ይህን ያየ ሰው «ታዲያ ስፋትን የሚጠብቅ ፕሮጀክሽን አይሻልም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ለማሳ ልኬት ጅማ ላይ አይሻልም። ማንኛውም ፕሮጀክሽን የሚነሳው ከኤሊፕሶይዱ (የምድርን ቅርጽ ከሚወክለው ለስላሳ ሞላላ) ነው፤ ኤሊፕሶይዱ ደግሞ በግምት ባሕር ወለል ላይ ነው። የእርስዎ ማሳ ያለው 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ከፍ ባሉ ቁጥር ከምድር መሐል ስለሚርቁ መሬቱ በትንሹ ይሰፋል። በዚህ ከፍታ ላይ በገመድ የተለካ 1 ሄክታር ወደ ኤሊፕሶይዱ ሲወርድ 9,994.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስፋት ጠባቂው ፕሮጀክሽን ይህንኑ 9,994.5 በታማኝነት ያስነብብዎታል። ዩቲኤም ግን ከፍታው የቀነሰውን በራሱ ማሳበጥ መልሶ ይሞላውና 10,000.6 ይላል። በጅማ ዙሪያ ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ ይጣፋሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ዕድል የለም፤ ከተማዋ ለ39 ዲግሪ ቅርብ ናት፣ ከፍታዋም ይበልጣል፤ ሁለቱም ወደ ታች ስለሚጎትቱ በሄክታር 15 ካሬ ሜትር ያህል ይጎድላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጂፒኤሱን ፋይል በደብሊውጂኤስ 84 ዲግሪ፣ በኮድ 4326፣ ይክፈቱ። ከዚያ «ሪፕሮጀክት ሌየር» በሚለው መሣሪያ ወደ 32637 አዙረው አዲስ ፋይል አድርገው ያስቀምጡ። ስፋቱን በአዲሱ ፋይል ላይ በፊልድ ካልኩሌተር ያስሉ። ካልኩሌተሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤርያ አለ። የዶላር ምልክት ያለበት በፕሮጀክቱ ኤሊፕሶይድ ላይ ያሰላል፤ ጂኦሜትሪን በቅንፍ የሚቀበለው ደግሞ በሌየሩ ፕሮጀክሽን ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ያሰላል። ሁለቱ በትንሹ ቢለያዩ አይደንግጡ፤ 2.5 በመቶ ከተለያዩ ግን ዌብ መርኬተር የሆነ ቦታ ገብቷል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው «ሪፕሮጀክት» ማድረግና «ሴት ሲአርኤስ» ማለትን አንድ ሲያደርጋቸው ነው። ሁለተኛው ስም መለጠፍ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን አይለውጥም። በዲግሪ ያለ ፋይል ላይ 32637 የሚል ስም ከለጠፉበት የጅማ ኬንትሮስና ኬክሮስ፣ 36.83 እና 7.67፣ ሜትር ሆነው ይነበባሉ፤ ማሳዎም ከጅማ ተነቅሎ ምዕራብ ኬንያ፣ ልክ የምድር ወገብ ላይ፣ ያርፋል። ለማረጋገጫ ይህን ይያዙ፦ ጅማ ከተማ በዞን 37 ስትነበብ ምሥራቋ ወደ 261,000፣ ሰሜኗ ወደ 848,000 ሜትር ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ስሕተት ጂፒኤሱ ራሱ ነው። የእጅ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ከዚያም ይብስበታል። 50 በ50 ሜትር የሆነ ማሳ አራቱም ጎኑ 3 ሜትር ወደ ውጭ ቢሳት 56 በ56 ይሆናል፤ 2,500 የነበረው 3,136 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ይህ መቼም የከፋው ዕድል ነው፤ ግን ሩብ ያህል ሲጨምር የፕሮጀክሽኑ 6 ካሬ ሜትር ምን ወግ አለው? እየተራመዱ ዱካ ከመቅረጽ ይልቅ በእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ሁለት ደቂቃ ቆመው አማካይ ነጥብ ይውሰዱ፤ ቢያንስ አንዱን ጎን በሜትር ለክተው ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ ለአውሮፓ ገበያ የምንልከው ቡና የማሳ መገኛ ይፈለግበታል። ፋይሉን በየትኛው ፕሮጀክሽን እንላክ?
ከጅማ፣ የቡና ኅብረት ሥራ ሠራተኛ

መልስ፦ በምንም። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ የሚፈልገው ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው፤ ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ ያለው። ስድስተኛው አሃዝ በእኛ አካባቢ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ በፖሊጎን (ድንበሩን ዙሪያውን በሚከብ ቅርጽ) ይቀርባል፤ ከዚያ የሚያንሰው በአንድ ነጥብ ይበቃዋል። ስፋቱን ግን ለብቻ በ32637 አስልተው በሠንጠረዡ ይጻፉት፤ ዌብ መርኬተር 3.95 ሄክታሩን 4.05 ያደርግና ፖሊጎን የማያስፈልገውን ገበሬ ድንበሩን ሲያስዞራችሁ ይውላል።

ጥያቄ፦ በጅማ ዞን የደን መመናመንን ከዓለም አቀፍ የሳተላይት ዳታ እየቆጠርኩ ነው። ፒክስሉ 30 ሜትር ነው ስለተባለ የፒክስሎቹን ብዛት በ900 ካሬ ሜትር አባዛሁ። አማካሪዬ «በዛ» አሉኝ። ጥፋቱ የፕሮጀክሽን ይሆን?
ከጅማ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው፤ ጥፋቱም የፕሮጀክሽን ነው። በብዛት ከሚወርዱት ዓለም አቀፍ የደን ዳታዎች አንዱ የተዘጋጀው በዲግሪ ነው፤ የአንዱ ፒክስል ጎን 0.00025 ዲግሪ። «30 ሜትር» የሚባለው ለአጠራር ተጠጋግቶ ነው። ጅማ ላይ ሲለካ ቁመቱ 27.65፣ ወርዱ 27.58 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 763 ካሬ ሜትር ገደማ። በ900 ሲያባዙ 18 በመቶ ጨመሩ። 100,000 ፒክስል ቢቆጥሩ 9,000 ሄክታር ይላሉ፤ እውነቱ 7,630 ያህል ነው። 1,370 ሄክታር ደን በማባዣ ብቻ ተጨፈጨፈ።

ሁለት መውጫ አለዎት። አንደኛው ፒክስሉን ሳይነኩ ስፋቱን በየኬክሮሱ ማስላት ነው። ቁመቱን 27.65 ሜትር አድርገው ይያዙት፤ ወርዱን ለማግኘት 27.83ን በኬክሮሱ ኮሳይን ያባዙ። ጎግል ኧርዝ ኤንጂን ላይ የሚሠሩ ከሆነ «ፒክስል ኤርያ» የሚለው ትእዛዝ ይህንኑ ለእያንዳንዱ ፒክስል ያሰላል፤ እንደኛ ምርጫ ከሆነ በዚህኛው ይሂዱ። ዳታው እንደመጣ ስለሚቆይ የሚጠፋ ነገር የለም።

ሁለተኛው ራስተሩን (በፒክስል የተሠራውን ዳታ) ወደ ሜትር ማዞር ነው። ለጅማ ዞን 32637 ይበቃል፤ ከ36 ዲግሪ አጠገብ ካለው ምዕራብ እስከ ምሥራቁ ያለው የስፋት ልዩነት በሄክታር 20 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ፒክስሎቹን ደን ወይም እርሻ ብሎ ሲመድቡ ከሚፈጠረው ስሕተት ጎን የሚቆጠር አይደለም። ሲያዞሩ «ናሬስት ኔበር» የሚለውን፣ የቅርቡን ፒክስል ዋጋ እንዳለ የሚወስደውን፣ ይምረጡ። «ባይሊኒየር» ካሉት በአጎራባች ፒክስሎች መካከል አማካይ ይሠራል። 1 ደን፣ 2 ውሃ፣ 3 እርሻ ብለው ከሰየሙ፣ በደንና በእርሻ ድንበር ላይ 1 እና 3 ተዳምረው ለሁለት ይካፈላሉ፤ በየጫካው ጠርዝ ወንዝ ይፈስልዎታል። የፒክስሉን መጠንም ራስዎ 30 ብለው ይጻፉ፤ ለሶፍትዌሩ ከተዉት 27.6 ምናምን የሚል የራሱን ቁጥር ይመርጣል፤ እርስዎ ደግሞ ዞረው በ900 ያባዙታል።

አንድ ነገር እንጨምር። በኢትዮጵያ የደን ትርጓሜ መሠረት ደን ለመባል ቢያንስ 0.5 ሄክታር ያስፈልጋል። 6 ተያያዥ ፒክስል በ900 ሲባዛ 5,400 ካሬ ሜትር ሆኖ ያልፋል፤ በትክክለኛው ስፋት ግን 4,580 ገደማ ነው፤ ይወድቃል። ስለዚህ የትንሹ ደን ወሰንዎ በዚህ ዳታ ላይ 7 ፒክስል ይሁን።

ጥያቄ፦ የአገሪቱን ዞኖች በቡና መሬት ስፋት የሚያወዳድር ካርታ እየሠራሁ ነው። ሁሉንም በዩቲኤም 37 ባደርገው ምን ይጎድልብኛል?
ከጅማ፣ የጂአይኤስ ባለሙያ

መልስ፦ እዚህ ላይ ዩቲኤምን ይተዉት። ኢትዮጵያ በሦስት የዩቲኤም ዞኖች ላይ ናት፤ 36፣ 37 እና 38። ከጅማ ወደ መቱ ወይም ወደ ሚዛን ሲሄዱ እንኳ 36 ዲግሪን ተሻግረው ዞን 36 ውስጥ ይገባሉ። ሁሉንም በ37 ከጫኑት ሚዛን ላይ በሄክታር 27፣ ጋምቤላ ላይ 51 ካሬ ሜትር ይጨምራል፤ በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ደግሞ ጭማሪው 2.4 በመቶ ይደርሳል። አዲስ አበባ አካባቢ በአንጻሩ በሄክታር 8 ካሬ ሜትር ይቀነሳል። ለንጽጽር የተሠራ ካርታ አንዱን እያበጠ ሌላውን ማክሳት የለበትም።

ለዚህ የሚሆነው አልበርስ ነው፤ ሔይንሪሽ አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1805 ያወጣው። የመሶብ ክዳን በሉል ላይ እንደተደፋ ያስቡት፤ ሾጣጣው ሉሉን በሁለት የኬክሮስ መስመሮች ይቆርጣል፣ ከዚያ ክዳኑ በአንድ ወገን ተቀዶ ይዘረጋል። በሁለቱ መስመሮች ላይ ርቀት ልክ ነው። በመካከላቸው ምሥራቅ–ምዕራቡ በትንሹ ይጨመቃል፤ ሰሜን–ደቡቡ በዚያው ልክ ይሳባል፤ ስለዚህ ስፋቱ አይናወጥም።

መስመሮቹን ለመምረጥ የቆየ ዘዴ አለ። የአገሩን የደቡብ–ሰሜን ርዝመት ለ6 ያካፍሉና ከየጫፉ አንድ ስድስተኛ ገባ ይበሉ። ኢትዮጵያ ከ3.4 እስከ 14.9 ዲግሪ ስለሆነች 5.3 እና 13 ይመጣል፤ 5 እና 13 ብለው ይያዙ። መነሻ ኬክሮስ 9፣ መሐል ኬንትሮስ 40፣ ዳተም (መጋጠሚያዎች የሚቆጠሩበት የምድር ሞዴል) ደብሊውጂኤስ 84፣ መለኪያው ሜትር። በኪውጂአይኤስ «ከስተም ፕሮጀክሽን» ውስጥ እነዚህን ይሙሉና ስም ይስጡት። በዚህ አቀማመጥ ርቀት እንኳ ከዳር እስከ ዳር ከ0.3 በመቶ ብዙም አይስትም። ሶፍትዌሩ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው «አፍሪካ አልበርስ» ስፋትን ይጠብቃል፤ ግን መስመሮቹ 20 ሰሜንና 23 ደቡብ፣ መሐሉ 25 ምሥራቅ ላይ ስለሆኑ የኢትዮጵያ ቅርጽ ዘመም ይላል።

ሌላው ፈታኝ ምርጫ በኮድ 6933 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስፋት ጠባቂ ነው። ስፋቱን አይስትም፤ ግን የተቆረጠው 30 ዲግሪ ላይ በመሆኑ ጅማ ላይ 100 በ100 የሆነ ማሳ 87 በ114 ሆኖ ይሣላል። ለስሌት ይጠቀሙበት፤ ለሕትመት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ የተሰቀለው የዓለም ካርታ ግሪንላንድን አፍሪካን ታክላለች ብሎ ያሳያል። ምን ዓይነት ካርታ ልግዛ? የያዝኩትንስ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?
ከጅማ፣ የጂኦግራፊ መምህር

መልስ፦ የያዙት መርኬተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች የተሠራ። አፍሪካ 30.3 ሚሊዮን፣ ግሪንላንድ 2.17 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ናቸው፤ 14 እጥፍ ልዩነት።

ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃዎታል፤ ተማሪዎችም ያድርጉት። ኬክሮሶቹ ቀጥ ያሉ፣ ኬንትሮሶቹም ቀጥ ያሉ በሆኑበት ካርታ ላይ ከምድር ወገብ እስከ 30 ዲግሪ ያለውን፣ ከዚያ ከ30 እስከ 60 ያለውን በሳንቲ ሜትር ይለኩ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን 1.4 እጥፍ ከሆነ መርኬተር ነው። እኩል ከሆኑ ዲግሪው እንዲሁ በካሬ የተነጠፈበት ነው፤ ስፋትን አይጠብቅም። ሁለተኛው ወደ 0.73 ካነሰ ስፋት ጠባቂ ሲሊንደር ነው። ኬንትሮሶቹ ከጎበጡ ግን ማስመሪያው ብቻውን አይፈርድም፤ ስሙን ከግርጌው ያንብቡ። ሮቢንሰን ጎብጧል፤ ስፋትን ግን አይጠብቅም።

ሲገዙ ኢኳል ኧርዝ የሚለውን ይፈልጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ጎል–ፒተርስም ስፋትን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የተቆረጠው 45 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ኢትዮጵያ በወርድ ተጨምቃ ከወርዷ አንጻር በቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ትሳባለች። ልጆቹ የአገራቸውን ቅርጽ ያጡታል።

ጥያቄ፦ የድሮውን 1 ለ50,000 ካርታ ስካን አድርጌ በሳተላይት ምስል ላይ ባነጥፈው መንገዱ ሁሉ ከቦታው ሸሸ። ፕሮጀክሽኑ ዩቲኤም 37 ነው፤ አልሳትኩም።
ከአጋሮ፣ ቀያሽ

መልስ፦ ፕሮጀክሽኑን አልሳቱም፤ ዳተሙን ነው። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል ዳተም ላይ የቆሙ ናቸው፤ ኤሊፕሶይዱም ክላርክ 1880 ነው። በእኛ አካባቢ ልዩነቱ በምሥራቅ 90፣ በሰሜን 200 ሜትር ያህል ነው። ስካኑን ሲያያይዙ ኮዱን 20137 ይበሉት፤ ከዚያ ወደ 32637 ያዙሩት። ሶፍትዌሩ መሸጋገሪያ ከጠየቀዎት ለኢትዮጵያ የሚሠራው ኤክስ ሲቀነስ 165፣ ዋይ ሲቀነስ 11፣ ዜድ ሲደመር 206 ሜትር ነው። ስፋት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የሚታይ አይደለም፤ ቦታውን ግን ከጎረቤት ያጋጫል።

ጥያቄ፦ ገበሬው ተዳፋቱን በሜትር ለክቶ 104 ሜትር አለ፤ የእኔ ካርታ 100 ይላል። ፕሮጀክሽን ልቀይር?
ከሰቃ ጨቆርሳ

መልስ፦ አይቀይሩ። ካርታ የሚለካው አግድሙን ነው፤ ገበሬው የለካው ተዳፋቱን። በ30 በመቶ ቁልቁለት 100 ሜትር አግድም 104.4 ሜትር ተዳፋት ነው፤ በ20 በመቶ 102። ለማስታረቅ ሜትሩን አግድም ወጥረው ከጫፉ ቱንቢ ያውርዱ። በአንዴ ከ5 ሜትር አይበልጡ፤ በ30 በመቶ ቁልቁለት 5 ሜትር ሲሄዱ 1.5 ሜትር ይወርዳሉ፤ ደረት ላይ ይያዛል። 10 ሜትር ከወጠሩ ግን ጫፉን 3 ሜትር ከፍታ ላይ የሚይዝልዎ ሰው መፈለግ ይኖርብዎታል።